ሰጋጁ መኪናና የእኔ ሞተር

መኪና መንዳት ይጥማል ወይስ ሞተር? እንዲህ ያለ ክርክር የሥራ ፈት ክርክር ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብል በወደድሁ። እኔና ወንድሜ ግን በዚህ ነገር አንድ ሙሉ ቀን ተከራክረን አባታችንን ዳኛ አስቀምጠናል፤ በማግሥቱ የሆነውን ደግሞ ለማንም ሰው ተናግሬው አላውቅም። ለወንድሜም ጭምር።

ያን ጊዜ ላይ ጋይንት ውስጥ ከብት ክትባት ላይ እሠራ ነበር። ሥራዬ የክትባት ሣጥን አስሬ ከቀበሌ ቀበሌ መዞር ነው። መሥሪያ ቤቱ አንድ ሞተር ሰጥቶኛል። ሞተሯ የመንግሥት ናት፤ ፍቅሩ ግን የራሴ ነበር። እሑድ እሑድ ሌላው ልብሱን ሲያጥብ እኔ ሞተሬን አጥባለሁ። ሚስት አላገባሁም ነበርና እናቴ በሕይወት ብትኖር ኖሮ ስለት ትሳልብኝ ነበር። ማለዳ ውርጩ ገና ሳይለቅ ሜዳው ላይ ጋዝ ስሰጥ፣ ነፋሱ በደረቴ ገብቶ በጀርባዬ ሲወጣ፣ በዚህ ዓለም ላይ የጎደለኝ ነገር ያለ አይመስለኝም። ሰውም "ያ ዕብድ መጣ" እያለ መንገድ ይለቅልኛል። ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው። ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው፣ የመንደራችንን ማርያም ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ሰው። እኛ አባባ እንላቸዋለን። መጀመሪያ ሞተሬን ሲያዩ አማተቡ። ከዓመት በኋላ ከኋላዬ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን በራሳቸው ጠምጥመው፣ መቋሚያቸውን አግድም ይዘው ገበያ ይወጡ ጀመር። መቋሚያው ግራና ቀኝ ስለሚወጣ መንገደኛው ጎንበስ እያለ ነው የሚያሳልፈን። አንድ ቀን ከሞተር ወርደው ጢማቸውን እያራገፉ፣ ኤልያስ በሠረገላ ሲያርግ እንዲህ አቧራ የጠጣ አይመስለኝም አሉኝ።

ወንድሜ አዱኛ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ይነግዳል። በአስተርዮ ማርያም ዋዜማ ደወለልኝና፣ ለንግሡ መጥቻለሁ፤ መገንጠያው ላይ ነኝ፤ አባባን ይዘህ ውጣ አለኝ። መገንጠያው ማለት የእኛ መንደር የእግር መንገድ ከንፋስ መውጫ አስፋልት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። አባባን አፈናጥጬ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ሜዳውን አቋርጬ ወጣሁ።

ስንደርስ ሰው ከቦ ያያል። አዱኛ የቆመው ሁለት በር ብቻ ካላት፣ ግራጫ ቀለም ከተቀባች፣ ቁመቷ ከወገቤ ከማይደርስ ስፖርት መኪና አጠገብ ነው። እንዲህ ያለ መኪና በስልክ ካልሆነ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አባባ በመቋሚያ እየተደገፉ ዞሯት። "ይህ መኪና ምን ቢበድል ነው እንዲህ የተንበረከከው?" አሉ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልጨረሱም፤ "ግድ የለም፣ ሰጋጅ ነው፤ የተባረከ ነው" አሉና ጣሪያውን በመስቀላቸው ባረኩት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የመኪናው ስም ሰጋጁ መኪና ሆነ።

አዱኛ መጀመሪያ እኔን ይዞኝ ወጣ። እውነቱን ልናገር፤ ይጥማል። ወንበሩ ጎንና ጎንህን ይዞ እንደ ሕፃን ያቅፍሃል። መስታወቱ ሲዘጋ የጋይንት ነፋስ የሌላ አገር ነፋስ ይሆናል፤ ዛፉ ሲወዛወዝ ታያለህ እንጂ አይደርስብህም። ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ከኋላ በጀርባ አጥንትህ ይመጣል፤ ሆድህ ወደ ኋላ ይቀራል። ኩርባ ላይ እንኳ ዘንበል አይልም። አዱኛ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው መሪውን እንደ በቅሎ አንገት ይደባብሳል። ልጅ ሳለን አብረን አህያ ስንጋልብ የማውቀው ፊቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አይቼው አላውቅም።

በተራዬ እሱን በሞተር ወሰድሁት። ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞርን። ወገቤን አንቆ ይዞኝ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የዞረው። ሲወርድ ፊቱ በአቧራ ነጥቶ፣ ይህማ ቅጣት እንጂ ደስታ አይደለም አለ። ነገሩ ከዚያ ተጀመረ። እኔ በመኪና የሚሄድ ሰው መንገዱን በመስኮት ያየዋል እንጂ አይሄድበትም አልሁ። እሱ ሞተር የሚነዳ ሰው ዝንብ በጥርሱ ከመያዝ በቀር ያገኘው ነገር የለም አለ። እኔ የአንተ መኪና ከአስፋልት ብትወርድ የሞተች ናት አልሁ። እሱ የአንተዋ አስፋልት ላይ ብትወጣ የምታሳዝን ናት አለ። ሰው እየሳቀ ነበር፤ እኛ ግን ትንሽ ትንሽ መናደድ ጀምረን ነበር።

በመጨረሻ፣ አባባ ይፍረዱ ተባባልን። ሁለቱንም ይሞክሩና ይፍረዱ።

አባባ ሳቅ ብለው አዩን። "በማኅሌት ዋዜማ ወንበር ተዘርግቶ ዳኝነት አይቀመጡም። ነገ ደግሞ ቆራቢ ነኝ፤ የቆረበ ሰው ወንዝ አይሻገርም። ከነገ ወዲያ መጥቼ፣ በዚህም በዚያም ተቀምጬ፣ እፈርዳለሁ" አሉ።

አዱኛ መኪናውን መገንጠያው ላይ ጥሎ መግባት አልሆነለትም። ንፋስ መውጫ ሄዶ ሊያድርና ጠዋት በእግሩ ሊመጣ ተስማማን። ከሆነልህ አዝለሃት ና ብዬው ተለያየን።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ነግቶ ነበር። አባባ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ቆመው፣ ከዚያ ቅዳሴ ገብተው፣ ቆርበው ወጡ። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ሲገባ ነው ያየኋቸው፤ የጽድ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። መቋሚያቸው መሬት ወድቋል። አባባ መቋሚያ አይጥሉም። ቀርቤ ሳያቸው ግንባራቸው ላብ ነው፤ በጥር ብርድ። ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ይዘው፣ ደረቴ ላይ ድንጋይ ተጭኖብኛል አሉኝ።

የጤና ኬላዋ ባለሙያ ጥሩወርቅ ለንግሡ መጥታ ነበር። ደም ግፊታቸውን ለካች፤ የምትዋጥ ክኒን ሰጠቻቸው፤ ከዚያ ወደ ጎን ጠራችኝ። ልብ ነው የመሰላት። እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት፤ አሁኑኑ ሆስፒታል ካልገቡ አይተርፉም አለችኝ። መኪና ወደ እኛ መንደር አይገባም፤ አምቡላንስ ቢመጣም የሚቆመው መገንጠያው ላይ ነው። ወጣቶቹ ቃሬዛ ለመሥራት እንጨት መቁረጥ ጀምረው ነበር። እኔ ግን፣ ሰው በትከሻ የሚደርሰው ማታ ነው፤ በሞተር አደርሳቸዋለሁ አልሁ። ኮረብታው ላይ ወጥቼ ለአዱኛ ደወልሁ። አርፍዶ ገና ንፋስ መውጫ ጫማ እያሰረ ነበር። መኪናህን ይዘህ መገንጠያው ላይ ጠብቀኝ፤ አባባ ታመዋል አልሁት። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

ስመለስ አባባ፣ ወንዝ አልሻገርም ብለዋል።

ይህን የማያውቅ ካለ ላስረዳ። በእኛ ዘንድ ሥጋ ወደሙን የተቀበለ ሰው በዚያን ቀን ሩቅ መንገድ አይሄድም፣ እግሩን አይታጠብም፣ ወንዝ አይሻገርም። የተቀበለው ነገር ከባድ ስለሆነ ነው። ከመንደራችን ወደ አስፋልት ለመውጣት ደግሞ ወንዙን መሻገር ግድ ነው፤ አለዚያ ወንዙ እስከሚነሣበት ጋራ ድረስ ወጥቶ በምንጩ ራስ ላይ መዞር ነው። በወንዙ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። በጋራው ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ መንገዱም ድንጋይ በድንጋይ ነው።

አብረዋቸው የቀደሱት ቄስ ሞገስ አጠገባቸው ተንበርክከው ለመኗቸው። "አባ፣ ይህ እኮ ለነፍስ ነው። እርስዎ ራስዎ ለስንት ወላድ፣ ለስንት በሽተኛ ፈቅደዋል።"

"ለሌላው ፈቅጃለሁ" አሉ አባባ። ቃላቸውን እየቆራረጡ ነው የሚያወጡት። "ለራሴ የምፈቅድ እኔ ማን ነኝ? በጋራው ከሆነ እሄዳለሁ። ካልሆነ እዚሁ ተዉኝ።"

ቄስ ሞገስ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣ "በጋራው ነው የምንዞረው አባባ። ወንዝ አንነካም። ልማልልዎ" አልኋቸው።

"አትማል። ቃልህ ይበቃኛል" አሉኝ።

ከኋላዬ አስቀመጧቸው። በራሳቸው ጋቢ እሳቸውንና እኔን አንድ ላይ አስረው ሆዴ ላይ ቋጠሩት። በሌላ ነጠላ ለአቧራውም ለብርዱም ብለው ፊታቸውን ሸፈኑላቸው። ፊታቸው መሸፈኑን ሳይ ምን እንዳሰብሁ አስታውሳለሁ። አያዩም ነው ያልሁት።

ከመንደሩ ወጥቶ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አንድ የግራር ዛፍ አለ። ቀኙ ወደ ጋራው ነው፤ ግራው ወደ ወንዙ። እዚያ ስደርስ ሞተሯን ቀዝቀዝ አደረግሁ። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን፣ ዕድሜው የእሳቸው ብዬ ወደ ግራ ታጠፍሁ። ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ነገ ድነው ሲቆጡኝ እግራቸው ላይ ስወድቅ፣ እሳቸውም ሲስቁ ሁሉ ታይቶኝ ነበር።

በጥር ወንዙ ቀጭን ነው፤ ከቁርጭምጭሚት ብዙ አያልፍም። ድንጋዩ ግን ያንሸራትታል። በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብዬ ገባሁ። መካከሉ ላይ የፊት ጎማው ድንጋይ መታና ውሃው ተረጨ። አባባ ካልሲ አያደርጉም፤ የላስቲክ ጫማ ነው የተጫሙት። ሰውነታቸው ጀርባዬ ላይ ሲነቃ ተሰማኝ።

"ውሃ ነው?" አሉ በነጠላው ውስጥ።

"የመስኖ ቦይ ነው አባባ።"

ከስምንት ከዘጠኝ ክንድ በኋላ፣ ገና ከውሃው ሳንወጣ፣ "ይህ ቦይ ሰፋ" አሉ።

ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልሰማሁም። የሆነ ነገር በግእዝ ሲያጉተመትሙ ብቻ ይሰማኝ ነበር፤ ጸሎት ይሁን ምሬት አላውቅም።

ወንዙን ወጥተን ያ ሜዳ መጣ። ትናንት አዱኛን ያዞርሁበት ሜዳ ነው፤ የደረቀ ሣር፣ ለጥ ያለ፣ ድንጋይ የሌለው። አሁን የምጽፈው ለዓመታት አፌ ያልደፈረውን ነው። ሁለተኛ አስገባሁ፣ ሦስተኛ አስገባሁ፣ ጋዝ ሰጠሁ። ነፋሱ መጣ። ሞተሯ ስትዘምር ያ የማውቀው ነገር ደረቴን ሞላው። ደስ አለኝ። የሚሞቱት አባቴ ጀርባዬ ላይ ታስረው፣ ደስ አለኝ። ይባስ ብሎ ከሩቅ ግራጫዋን መኪና መገንጠያው ላይ ቆማ ሳይ፣ አዱኛ አሁን እየመጣሁ ያየኛል፣ በዚህ መንገድ በዚህ ሰዓት የእሱ መኪና ትደርስ ነበር ወይ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ክርክሩን ያሸነፍሁ መሰለኝ።

በዚያው ሜዳ ላይ ነው ወገቤን የያዙት እጆች የላሉት። ራሳቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ሌሊቱን የቆመ ሰው እንቅልፍ ቢጥለው ምን ይገርማል ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ፍጥነት አልቀነስሁም።

አዱኛ የመኪናውን በር ከፍቶ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝቶ ጠበቀን። የጋቢውን ቋጠሮ ስፈታ እጃቸው እጄን ነካው። ቀዝቃዛ ነበር። ንፋስ መውጫ አካባቢ በጥር የማን እጅ ይሞቃል አልሁ፤ አሁንም ለራሴ። አቅፈን ስናስገባቸው መኪናው ዝቅተኛ ስለሆነ ሁለታችንም ተንበረከክን። አዱኛ ነጠላውን ከፊታቸው ሊገልጥ እጁን ሲዘረጋ እጁን ያዝሁት።

"ይተነፍሳሉ?" አለኝ።

"ይተነፍሳሉ። ተኝተው ነው። ንዳ" አልሁት።

ያቺ መኪና እንዴት እንደሄደች አልነግራችሁም። ወንበሯ ሁለት ብቻ ስለሆነ እኔ በሞተር ተከተልኋት፤ በሁለት ኩርባ ጠፋችኝ። ትናንት አዱኛ አስፋልት ላይ የምታሳዝን ናት ያላት ሞተሬ በእርግጥም አሳዘነችኝ። ሆስፒታሉ ስደርስ አዱኛ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ሐኪሙ መንገድ ላይ ነው ያረፉት ብሎታል። የትኛው መንገድ ላይ ብሎ የጠየቀ የለም።

ቀብሩ ሲፈጸም ቄስ ሞገስ ትከሻዬን ይዘው፣ ቃልህን ጠብቀህ በጋራው ወስደሃቸዋል፤ የሰው ልጅ ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል አሉኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። የንስሐ አባቴ እሳቸው ናቸው። ብነግራቸው ይፈቱኛል፤ ለነፍስ ነው ይላሉ፤ ቀኖና ሰጥተው ያሰናብቱኛል። ስለዚህ አልነገርኋቸውም። ወንዙንስ ይፍቱኝ፤ ሜዳውን ማን ይፈታኛል? ከዚያን ጊዜ ወዲህ አልቆረብሁም።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚህ ትምህርት የሚወጣ መስሏችሁ ከሆነ እኔ ዘንድ የለም። በጋራው ብሄድ ኖሮ ሁለት ሰዓት አይቆዩልኝም ነበር፤ ያንን አውቃለሁ። ግን ቃሌን አምነው ይሞቱ ነበር። በወንዙም ሄጄ አላተረፍኋቸውም። ያተረፍሁት ነገር ቢኖር፣ አባቴ በመጨረሻ ሰዓታቸው ልጃቸው እንደሚዋሽ ማወቃቸውን ነው። ዛሬም ሞተር እነዳለሁ፤ እንጀራዬ ነውና። አሁን መንገዱም እንደ ልብ አይኬድም፤ ቢኬድም በዝግታ ነው የምሄደው። ሰውም መንገድ አይለቅልኝም። ማለዳ ሜዳው ላይ ስደርስ ያ ደስታ ይመጣብኛል፤ አልጠፋም፤ ቢጠፋ ደስ ባለኝ። ሲመጣ ጋዙን እለቃለሁ፤ ሞተሯ ታጉረመርማለች፤ ሆዴ ላይ የጋቢው ቋጠሮ ይሰማኛል።

የአባባ አርባ ሲደርስ አዱኛ በአውቶቡስ መጣ። መኪናህን ምን አደረግሃት ብዬ አልጠየቅሁትም። መገንጠያው ላይ ሄጄ ተቀበልሁት። ያለ ምንም ክርክር ከኋላዬ ተቀመጠ። በዚያ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ እንዳነቀኝ አላነቀኝም፤ ቀስ ብሎ ነው የያዘኝ። ወንዙ መካከል ስደርስ ሞተሯን አቆምሁ። ለምን እንዳቆምሁ አላውቅም፤ እዚያ ቦታ ላይ ሳላቆም ማለፍ ካቃተኝ ቆይቷል።

"አባባ እኮ ፈርደዋል" አለኝ ከኋላዬ።

"ምን?"

"ያን ዕለት። መኪናው ውስጥ ነቅተው ነበር። የሞተሩ ይጥማል አሉኝ። ለአንተ እንድነግርህም አዘውኛል።"

ወንድሜ በሕይወቱ ሞተር ይሻላል ብሎ አያውቅም። አሁን በአባታችን አፍ አለልኝ። ሊሸከምልኝ እንደፈለገ ገባኝ፤ እጃቸው መቀዝቀዙን እሱም ሳያውቅ አይቀርም። ቢሆንም ልቤ አላርፍ አለ። እውነት ቢሆንስ አልሁ። ነቅተው ከነበረ፣ ተናግረው ከነበረ፣ የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ሊሆን እንደሚችል ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

"ስለ ወንዙስ ምን አሉህ?" አልሁት።



"የትኛው ወንዝ?" አለኝ።

ውሃው ከእግራችን ሥር ይሄድ ነበር። ሌላ አልጠየቅሁትም። ማርሽ አስገብቼ ተሻገርሁ።